ሰባት ደቂቃ

ስሜ ቢያድግልኝ ነው፣ በሠርግ ቤት «ቢያዴ»፤
ጥር ሲገባ ከቤት መጥፋት ነው ልማዴ።
ሁለት ግዙፍ ስፒከር፣ አንድ ላፕቶፕ አሮጌ፣
ከባጃጁ ኋላ በገመድ ጥፍር አድርጌ፣
በዘንባባው መንገድ ባሕር ዳርን አልፋለሁ፣
ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ኬብሌን እዘረጋለሁ።

ሚዜው ወረቀት ሰጠኝ፣ በሰዓት የተሰደረ፤
መግቢያው፣ ምሳው፣ ኬኩ፣ ሳቁ ሳይቀር የተቆጠረ።
«ዐሥራ አንድ ተኩል፣ መሸኛ» ይላል፣ በቀይ አስምሮ፤
«ይቺ ሰዓት አትነካም» አለኝ፣ ጣቱን ቀስሮ።
እሺ አልኩት።
እሺ ማለት
አይከፈልበት።

ሠርግ እንደ ጣና ነው፤ በማለዳ ይተኛል፣
መስታወት መስሎ፣ ጸጥ ብሎ፣ የዋህ ሰው ያሞኛል።
ከቀትር ወዲያ ነው ነፋሱ የሚነሣ፤
ጀልባ ነጂም፣ ዲጄም፣ ይህን አይረሳ።

መጀመሪያ ዝግ ያለ፣ ምርቃት የማይሸፍን፣
ሽማግሌው «ቀንሰው!» ብሎ ዱላ እንዳይሰብቅብን።
ምሳው ሲነሣ ከፍ፤ የአቸፈር አክስቶች ነቁ፣
ነጠላ ወገብ ላይ ታስሮ ጫማዎች ወለቁ።
አንድ አጎት ብቻ ቀረ፣ እጁን አጣጥፎ፤
ስምንት ዘፈን ፈጀብኝ፤
ዘጠነኛው ላይ ተነሣ፣ ወንበሩን ደፍቶ አልፎ።

ነፋሱ የኬኩን ሻማ ሦስቴ አጥፍቶ ሲያበቃ፣
ለዐሥራ አንድ ተኩል ሲቀር አምስት ደቂቃ፣
ከጀርባዬ መጣች፣ ኬብሎቹን ረግጣ፣
ወይዘሮ እንጉዳይ፣ የሙሽሪት እናት፣ ከወጥ ቤት ወጥታ።

«ያቺን ማስለቀሻ አሁኑኑ ነው የምትለቃት?»
«አዎን፣ እማማ» ስላት ዝም አለች፤ ትንፋሽ አጠራት።
«ከሌሊት ጀምሮ ከወጡ፣ ከእሳቱ፣
ልጄን ስትጨፍር አላየሁም፣ በዓይኔ በብረቱ።
ማንጠግቦሽ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤
ዛሬ ስሟ ዞሮ እኔኑ ጠየቀኝ።»

መኪናው አበባ ለብሶ፣ ሞተሩ በርቶ ይጠብቃል፤
ሚዜው ከወዲያ ማዶ ሰዓቱን በጣቱ ያንኳኳል።

ሊያልቅ የደረሰውን ዘፈን ጫፉን ይዤ፣
ወደ መሃሉ መለስኩት፣ እንደ ጥለት አያይዤ።
ከበሮን ከከበሮ፣ ጭብጨባን ከጭብጨባ
ሰፋሁት፤ ስፌቱ ማንም ሰው ጆሮ ሳይገባ።
ሰባት ደቂቃ ሰረቅሁ።
ከማን እንደሰረቅሁ ዛሬም አላወቅሁ።

እንጉዳይ ገባች መሃል፣ በሽርጧ፣ በወጥ እጇ፤
ትከሻ ሳትነቀንቅ እንዲሁ ቆመች ከልጇ።
ቬሎውን በርበሬ ነካው። ማንጠግቦሽ አይታ ሳቀች፤
ልትጠልቅ ያለች ፀሐይ ከዘጌ በላይ ጠበቀች።

ከዚያ መሸኛውን ለቀቅሁት።
ሠላሳ ሰከንድ አልሞላም፤ ያ አጎት፣ እጁን ያጠፈው፣
መሐረብ ቢያጣ ፊቱን በጋቢው ጫፍ አበሰው።
አክስቶቹም፣ ሙሽሪትም፣ የሆቴሉ ዘበኛም ሳይቀር።
እንጉዳይ ግን አላለቀሰችም፤
የቀረ ድስት ነበረባት፤ ሄደች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሚዜው ሲከፍለኝ ሁለት መቶ ብር ቆረጠ፤
«ሰባት ደቂቃ» አለኝ፣ ስልኩ ላይ እያፈጠጠ።
አልተከራከርኩም። ሒሳቡ ልክ ነው።

ኬብሌን ስጠቀልል ሐይቁ ጨለማ ለብሷል፤
ጉማሬ ብቻ ከደንገሉ ውስጥ ከባድ ይተነፍሳል።
ባጃጁ ወንበር ላይ ፌስታል፣ በፎይል የተጠቀለለ፣
ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ ሙቀቱ ያልጎደለ።
ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም።

ነገ እሑድ ነው፤ ሌላ ሠርግ፣ ሌላ ሚዜ ከነወረቀቱ፤
እሺ እላለሁ።
ሁለት መቶ ብር ነው እንግዲህ የእሺታ ግምቱ።