ሰባተኛው መደብ

በሬው ለሰባት ነው፤ ስድስቱ በሕይወት፣
ሰባተኛው ይማም፣ ሽንኩርት የሸጠ ለት
ድርሻውን ከፍሎ ነው ያለፈው በድንገት፣
ለአረፋ ሲቀረው ዐሥራ ሁለት ሌሊት።

አልዩ አምባ ልማድ ነው፤ ለዒድ ሜዳ ወጥቶ
መመለስ በሌላ፣ የሄደበትን ትቶ፤
ሰላም ሳይባል ቀርቶ እንዳይታለፍ በር፣
ቂም ያለው ሰው ቢኖር እግሩ እንዲቸገር።
አባቴ ግን ይኸው፣ ሦስት አረፋ ሙሉ
በሄደበት መጣ፣ በዚያው በገደሉ፤
በላይኛው መንገድ የይማም በር አለ።
የመስኖ ተራ ነው፤ ውኃው አንድ ሌሊት ወዴት ዘወር እንዳለ
እስከ ዛሬ ድረስ የሚያውቅ ሰው የለ።
ሁለት ሸማኔዎች፣ ባንድ ሰሃን ያደጉ፣
ኖሩ፣ መወርወሪያ መዋስ ሳይፈልጉ።
በቀብሩ አባቴ ሦስት እፍኝ አፈር ጣለ፤
ከለቅሶ ቤቱ ግን እግሩ ዝር አላለ።

«የአረፋ ዋዜማ ጾም የሁለት ዓመት ያጥባል»
ብላ ነገረችን እናቴ፤ ልጅ ይቆጥራል፦
ያባቴና የይማም ቂማቸው ሦስት ነው፤
የተረፈው አንዱ በምን ሊታጠብ ነው?

ካንኮበር የወረደ ጉም ገና ሳይነሣ
ተክቢራው ቀደመው፣ ከሜዳው ተነሣ።
ጫማዬ አዲስ ነው፤ ቁጥሩ የከርሞ ነው፣
በጨርቅ ነው ጫፉን እናቴ የሞላችው።
ሰላት አለቀና በሬው ተጎተተ፤
በሼህ አወል ጋቢ ቢላው ተከተተ፤
«ይኼም ነፍስ ነውና ሞቱን ቀድሞ አይየው»
አሉ፤ ሙሔም ይዞ ወደ ቂብላ አጋደመው።

በኮባ ቅጠል ላይ ሰባት መደብ ሆነ።
ሚዛን የሚባል የለም፤ ሙሔ በዓይኑ መዘነ፤
ሻኛውም ጉበቱም ላንዱ እንዳይበዛ
ከዚያ ቆርጦ ወደዚህ፣ ከዚህም ወደዛ።
ስድስቱ ተነሣ። ሰባተኛው ቀረ።
ዝንብ እሽ እያልኩኝ ልቤ ተቸገረ፦
የሞተ ሰው ድርሻ የት ነው የሚላከው?
ሼህ አወል ግን ሳቁ፤ «ይማም የላከው
ኒያውን ነው፣ ልጄ፤ እሱ ቀድሞ ደርሷል።
ሥጋው የኛ ጣጣ ነው፣ እዚህ ከኛ ቀርቷል።»

ሉባባ ዒዳ ላይ ናት፤ ከደጅ አትወጣም፤
ተሸክሜ ሄድኩኝ። እንባ አላየሁባትም።
«ሦስት ቦታ ክፈለው፦ ሲሶው ለቤታችን፣
ሲሶው ለምስኪን ነው፣ ሲሶው ለዘመዳችን።»
ቀና ብላ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው፦
አንድ አልጋ፣ አንድ ድር፣ ኩታው ያላለቀው።
ልጇ ጅዳ ሥራ ላይ፣ በስልክ ነው ያለቻት፤
«ቤቱ እኔ፣ ምስኪኑ እኔ» አለች ሳቅ አምልጧት።
ግን አልጠቀለለችም፤ ሦስቱን ለየቻቸው፣
አንዱን በመስጊዱ ለሚያድሩት ሰጠቻቸው።
ለእትዬ ጽጌ፣ ሥጋችን ለማይሆናት፣
ተምር በወረቀት ጠቅልላ ላከችላት፤
እሷስ ለፋሲካ ዶሮ ከነነፍሱ
ትልክልን የለ፣ እየጮኸ ለራሱ?

የዘመድ የሚሉት ሲሶ ብቻ ቀረ።
ፊቷ ሰሃኑ ላይ ትንሽ አቀረቀረ።
«ላባትህ» አለችኝ።
ሌላ አልተናገረች።

አባቴ ሰሃኑን ገና ሲያይ ዐወቀው፤
ሰማያዊ ቀለም፣ ጠርዙ የተላጠው፣
ወጥ ሲሻሙበት ያሳደጋቸው ነው።
ሥጋውን አልነካም፤ አንድም ቃል አልወጣው።
ተከተልኩት። እግሩ በላይኛው መራው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ከደጃፉ፣
የሦስት ዓመቱን ሰላምታ ከነትርፉ።
እግሩን ከወንድሙ ጉድጓድ አስገባና፣
ድሩን በመዳፉ ቀስ ብሎ ዳሰሰና፣
ከቆመበት ክር ላይ መወርወር ጀመረ፤
መንደሩ ሲበላ ሲሸምን አደረ።

ያንን ኩታ ዛሬ እኔ ነኝ የምለብሰው።
ከጥለቱ ስንዝር ራቅ ብሎ መስመር አለው፤
ከዚያ ወዲህ ጠበቅ፣ ከዚያ ወዲያ ላላ፣
አንድ እጅ ያበቃል፣ ይቀጥላል ሌላ።
ገበያ ቢወጣ ነውር ነው፣ አይገዛም።
በየአረፋው ለብሼው፣ በሄድኩበት አልመጣም።

ስለዚያች ሌሊት ውኃ
አባቴን እስካሁን አልጠየቅሁትም።