ባዶ ካርድ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኤንደል ቃል ለቀመ፣
በታርቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ዐይኑ እየደከመ።
አሮጌውን ፈረስ ጥርስ ሞርዶ የሸጠ
ያ ነጋዴ ያለው ካርድ ላይ ተቀመጠ፤
የዓሣ አጥማጅ ጉራ፣ የጠበቃ ሽንገላ፣
ያዘመመ ቤት ያሻሻጠ የደላላ መሐላ፣
ሁሉም በየስሙ፣ በየመሳቢያው።

ግንቦት ነው። አመሸ።
«ከካርዶቼ ጋ ነበርኩ» አላት፣ ዐይኗን እየሸሸ።
ሳልሜ ሾርባውን ሦስቴ አሙቃለች፤
ጫማው ላይ የወንዝ ዳር ጭቃ አይታለች።
እጁ ላይ ሐምራዊ አበባ።
«ለኔ ነው የቀጠፍክ?» ብላ ተቀበለች፤
ውኃ ውስጥ አኖረች።
«ያምራል» አለች።

በነጋው፣ ባዶ ካርድ ፊቱ እንደ ተዘረጋ፣
«ያምራል» ብሎ ጻፈ።
ከዚያ መሳቢያ ፍለጋ።
ይህን ጊዜ በእውነት
አመሸ፣ ከካርዶቹ ጋ።