የሥራ ልምድ

ፈቃዴን ለማደስ ቅጽ መጣልኝ ከዞን፣
ሌሊት ልሞላው ነው፣ ተረኛ ስሆን፤
የጓንት ካርቶን ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣
ከሲስተር ፈንታነሽ እስክሪብቶ አምጥቼ።

ስም፦ ባንቻየሁ እንየው። ይህ ቀላል ነበር።
ሙያ፦ የድንገተኛ ሕክምና ዶክተር።
አድራሻ፦ ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ፣
በር የሌለው ክፍል፣ ሁሉም ሳያንኳኳ የሚገባ።

ድንገት ግን በእኛ አገር ሦስት ቀን ያረጃል፣
ከሰከላ ማዶ በቃሬዛ ይመጣል፤
ስምንት ሰው ተሸክሞ፣ ስምንት ሰው አስከትሎ፣
የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ከዳር አድሮ፣ ውሎ፣
«ድንገት ነው» ይለኛል፣ ላቡን ጠርጎ ጥሎ።
አላርመውም። ድንገት ማለት፣
ደጄ የደረሰበት ሰዓት።

ቀጥሎ ይጠይቃል፦ «የተማሩበት ቦታ?»
«ጥቁር አንበሳ» አልኩኝ፣ ጻፍኩት በዝግታ።
ሦስት ዓመት፣ መብራቱ የማይጠፋ አዳራሽ፣
ስልክ መትተሽ ደም የሚመጣልሽ፣ ሲያሻሽ።
እዚህ ያስተማረኝን ግን ቦታ ነፈገው ቅጹ፦
የጅጋው ገበሬ፣ ፀረ ተባይ ሸትቶ ልብሱ፣ ገጹ፣
ብሌኑ ተኮማትሮ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ፣
አትሮፒን ስሰጠው፣ ስደግም፣ ትንፋሽ ስቆጥር አድሬ፣
ጎሕ ሲቀድ ዐይኑ ተከፈተ፣ ልክ እንደ በር፤
«ማን ጠራሽ?» አለኝ እንጂ ምስጋናም አልነበር።
የዳነ ሁሉ እንደማይስቅ ያኔ ነው የገባኝ፤
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መልስም አልመጣልኝ።

«የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች» ይላል።
የልብ ማንበቢያ አለን፤ ወረቀቱ ያልቃል።
ኦክስጅኑ መብራት ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፤
ያኔ ዘበኛው ጋሽ ሽታሁን ጋቢውን ጥሎ ይሮጣል፣
ጄኔሬተሯን በእርግጫ፣ በስድብም ያስነሣል።
ጻፍኩት፦ «ጋሽ ሽታሁን፤ ብዛት፣ አንድ፤ ሁኔታ፣ ይሠራል።»

«የዕረፍት ቀናት?» ይላል። ባለፈው ሰንበት ነበር፤
እናቴ ቤት፣ ቢቸና፣ ድግስ፣ ዘመድ፣ ሰፈር፤
«ዶክተር፣ ይችን እዪልኝ»፤ ጉልበት፣ ጥርስ፣ ቁስል፣ ክንድ፣
ፍሪዳው እስኪቀርብ ድረስ አየሁ ዐሥራ አንድ።

«ልዩ ችሎታ» ይላል። እጆቼ ቆሙ።
አምና በመስከረም የኔታ ልሳኑ ታመሙ፤
የቅኔ መምህር ናቸው፤ በባጃጅ መጡ ማታ፣
«ኧረ ደኅና ነኝ» እያሉ፣ ተማሪው ሲያመነታ።
«ቃር ነው» አሉኝ፣ «ልጄ፣ የቡሬ በርበሬ፤
ኪኒን ስጪኝና ልግባ፤ ማኅሌት አለኝ ዛሬ።»
ላባቸው ግን ቀዝቅዟል እንደ ጥቅምት ጤዛ፣
መንጋጋ ይደባብሳሉ፣ ድምፃቸው ፈዛዛ።
ገመዱን እየለጠፍኩ ከደረታቸው ዳር፣
«የኔታ፣ ሰሙ ነው» አልኩ፣ «ይህ የነገሩኝ ቃር፤
ወርቁን እስክንፈታው ልብዎ ይናገር።»
ሳቁ። ወረቀቱ ወጣ፤ መስመሩ ተነሣ፣
ጮቄ ላይ እንደ ወጣ ሰው መውረዱን ረሳ።

አስፕሪን አስኝኬ፣ ደም ማቅጠኛ ሰጥቼ፣
ወደ ባሕር ዳር ጉዞ፣ ከጎናቸው ገብቼ፣
ዳንግላን ስናልፍ እጄን ጠበቅ አርገው፣
«ዘራፊ ነሽ» አሉኝ፣ «ቅኔ ቤት ደጅ ያልጠናሽ ሰው።»
ዱርቤቴ ላይ ዐረፉ።

«ዐረፉ» ሁለት ፍች አለው፣ በደጉ ቀን፤
የዚያን ሌሊት ግን አንዱ ብቻ ቀረን።
መቋሚያቸውን ታቅፎ ተማሪው ዝም አለ፤
ሾፌሩ ሳይረኑን አጠፋ፤ መንገዱ ግን አለ።

እናም ልዩ ችሎታ፦ ሰሙን ቶሎ መስማት፣
ወርቁን ይዤ ሳለሁ መንገድ መርዘም፣ መምሸት።

አንድ መስመር ቀረኝ። ፈንታነሽ፣ አንድ ጓንት አጥልቃ፣
«ዶክተር፣ እስክሪብቶዬን» አለች፣ ተጨንቃ፣
«ሰው ገብቷል፤ የመጣበትን ሰዓት ልጻፈው።»
ሰጠኋት።
ቅጹ ላይ ፊርማ የለም፤ ለዚህ ነው።