አሥራ ሰባት ከሃያ

ጅማ ዝናቧን አታስጠነቅቅም።
ከዋናው በር ተነሥቶ ክፍል እስኪደረስ
ጫማን በእጅ ይዞ፣ ደብተር በሆድ ታቅፎ፣
በቀይ ጭቃ መራስ፤
የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ ይህ ነበር፦
ደርቆ አለመድረስ።

መቅረጸ ድምፅ አንድ፤ እኛ ሠላሳ ስምንት።
ሰኞ የኑሪያ ነው፣ ማክሰኞ የወዬሳ፤
እኔ ዘንድ ቅዳሜ ሲደርስ ባትሪው ሞቷል፤
በጥርስ ተነክሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣
እያቃሰተ ነው ከሞት የሚነሣ።

«ማን? ምን? የት? መቼ?» ይላል መምህር ደምሰው፣
ጠመኔ እንደ ሲጋራ በጣቶቹ ይዞ፤
«ለምን» ላይ ሲደርስ ጠመኔው ይሰበራል፤
«እሷ ትቆየን» ይላል፣ ዓይኑ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተጉዞ።
እንስቃለን እኛ። የገባን መስሎን።

የቤት ሥራው ቀላል፦ «አንድ ሰው ፈልጉ፣
ስሙ በጋዜጣ ወጥቶ የማያውቅ፤
አምስት ደቂቃ ነው፤
ከእናንተ ድምፅ ይልቅ የእሱ ድምፅ ይድመቅ።»

ሂርማታ ገበያ፣ ከማር ሻጮች ጀርባ
አባ ጋሮን አገኘሁ።
ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍሎ ያወጣል፣
ሙጫ የለ፣ ምስማር፤
መጥረቢያው ሲናገር እሱ ዝም ይላል፣
መጥረቢያው ሲያርፍ ነው የሚጀምር ነገር፤
ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በእጁ።

«አራት እግር ሰነፍ ነው» አለኝ፣ «ሜዳ ይመርጣል፤
ሦስት እግር ግን የትም፣ ዳገትም ላይ ይቆማል።»
ስለ ልጁም አወራኝ፦ ለሥራ ቴፒ ወርዶ
ሰባት ዓመት ሙሉ ወሬው ስለ ጠፋ።
«ሬዲዮ ነፍሱ ነበር። ድምፄን ከሰማ ይመጣ ይሆናል።»
መሮውን በአውራ ጣቱ ሞከረና፣
«መቼ ነው የሚተላለፈው?»

ለማርክ ነው፣ አባቴ፣ ለማርክ ብቻ ነው
ማለት ነበረብኝ።
«በቅርብ» አልኩኝ። «ማታ ማታ።»
የመጀመሪያዬ ሐሰተኛ ዘገባ፣
ምንጩ ያልታወቀ፣ ማንም ያላረመው።

መምህር ደምሰው በቀይ እስክሪብቶ፦
«መግቢያህ ረዝሟል። የመጥረቢያው ድምፅ ግሩም።»
አሥራ ሰባት ከሃያ።
ሰኞ ዕለት ኑሪያ በዚያው ካሴት ላይ
የልምምድ ዜና ቀዳችበት፣ ስለ መኪና አደጋ፤
ከጫፉ ላይ ብቻ፣ ሦስት ምት ያህል፣
መጥረቢያ ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ መንገዴ በማር ተራ አልሆነም፤
በአጂፕ እዞራለሁ፣ በአዌቱ ድልድይ።
አንድ ምሽት ግን ዝናብ አባረረኝና
ቆርቆሮው ሥር ገባሁ።
ከፍልጡ ክምር ላይ ትንሽ ሬዲዮ አለች፣
አንቴናዋ በሽቦ ከምሰሶው ታስሮ።
ዘንቢል ሻጯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ጣለች፦
«ዝም በል፣ ዜና ነው። እሱን እየጠበቅን ነው።»
አባ ጋሮ ቃል ሳይወጣው በርጩማ ገፋልኝ።
ተቀመጥኩ።
ስለ ማዳበሪያ ተወራ፣ ስለ ስብሰባ፣
ስለ ኳስ፣ ስለ አየሩ ጠባይ።
«ነገ ይሆናላ» አለ፣
እኔን ሊያጽናናኝ።

ከዚያ ተመረቅን። የተከራየነው ጋዋን ለእኔ አጠረኝ፤
ፎቶው ላይ የሚታየው ጭቃ የነካው ሱሪዬ ነው።
ኑሪያ ባንክ ገባች። ወዬሳ ከፋ ዞን ያስተምራል።
እኔ ሕዝብ ግንኙነት ነኝ፦
«ለእንግዶቹ ደማቅ አቀባበል ተደረገላቸው» ብዬ እጽፋለሁ፤
ቃል ሳይጎድል ይተላለፋል፣ በሰዓቱ፣
ማታ ማታ።

ለዚህ ዜና ሲል
አንቴና በሽቦ የሚያስር አላውቅም።

ወንበሬ አራት እግር አለው።
የቢሮዬ ወለል
ደልዳላ ነው።