አሥራ አንድ ደቂቃ

ኅዳር ነው። ላንጌ ላይ ጭጋጉ ወርዷል፤
ኮረብታው ከአንገቱ በታች ተሰውሯል።
ኔቢዮሎ ይሉታል ወይኑን፥ ጭጋጌ እንደ ማለት፤ ስሙም ከዚሁ ተቀድቷል።
ማውሪሊዮ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ቆሟል፦
«ቅመስና ዋጋውን ንገረኝ፤ ገዢው ይጠብቃል።»

ምድር ቤት ሠላሳ ስድስት ጠርሙሶች በጎናቸው ተኝተው፥
የስም ወረቀታቸውን አይጥ ግጦት፥ ድር ለብሰው፤
«ሰባ አንድ» የሚል ብቻ በጠመኔ ከራስጌያቸው።
ቴረሲዮ ነው የጻፈው።
ሰባቱን ወደ ግራ ያዘነብላት ነበር፥ እንደ ደከመው ሰው።

እኔ ሥራዬ መቅመስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ምላሴን አከራይቼ ኖሬአለሁ፤
ከመቶ ስንት እንደሚገባው የሰው ወይን እየሰፈርኩ በልቻለሁ፤
ዋሽቼ ግን አላውቅም። ይህን አስቀድሜ እላለሁ።

ዴልፊና፥ የቴረሲዮ ሚስት፥ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፥
ሁለት ብርጭቆ በሽርጧ ወለወለች፥ አንዱ የኔ፥ አንዱ የግል ንብረቷ፤
ለልጇ አላመጣችም። ረስታ አይደለም፥ ያስታውቃል ከፊቷ።

ቡሹ ግማሹ ወጣ፥ ግማሹ እንደ እርጥብ ዳቦ ፈረሰ፤
በወንፊት አጠለልኩት። ቀለሙ ቀይ አይደለም፥ ጡብ ነው፥ በዝናብ የራሰ፤
ጠርዙ ላይ የብርቱካን ልጣጭ፥ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ የኮሰሰ።

አሸተትኩት።
የተዘጋ ቁም ሣጥን። የእርጥብ ካርቶን ሽታ።
ቀመስኩት። አፌን እንደ ጠፍር አሰረው፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ።
«ሞቷል?» አለ ማውሪሊዮ ከበሩ ደፍ፥ ጣቶቹን እያማታ።

«ቆይ» አለች ዴልፊና። «ቴረሲዮም ጠዋት ሲነሣ አያናግርም ነበር።
ሱሪውን ታጥቆ፥ መስኮት ከፍቶ፥ ሁለቴ ካልሳለ ቃል ማውጣት ለሱ ነውር።
ይሄም የሱ ዘር ነው፤ እስኪስል እናክብር።»

ጠበቅን።
ከቧንቧው አንዲት ጠብታ ወረደች።
ከዚያ ጽጌረዳ መጣች፥
የደረቀች፥ በጸሎት መጽሐፍ ገጽ መካከል የተረሳች፤
ተከትሏትም ሬንጅ፥ መንገድ ሲሠራ የሚሸተው፥ ትኩስ፥
የአሮጌ ኮርቻ ቆዳ፥ እንጉዳይ፥ የክብሪት ጭስ።
ያ ጠፍር ላላ፤ ሐር ሆነና ወረደ፥ ጉሮሮዬን ሲዳስስ፤
ከዋጥኩት በኋላም አልሄደም፥
«ልሂድ» ብሎ ተነሥቶ በር ላይ ወሬ እንደሚጀምር እንግዳ፥ መለስ ቀለስ።

የሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ሁሉ ከእጄ አመለጠ።
ዴልፊና ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጉንጯ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤
ከሽብሽቡ ኋላ አንዲት ወጣት መጋረጃ ገልጣ አየችኝ፤ ወዲያው ተቋረጠ።

ብዕሬን ስከፍት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤
ጎንበስ ብላ፥ ልጇ እንዳይሰማ፥ ሹክ አለችኝ፦
«ዝቅ አድርገህ ጻፍ። ሠላሳ አምስት ቀርቷል፤ በወር አንድ ከፍቼ
ሦስት ዓመት ሊሞላ ወር ሲቀረው እጨርሳለሁ፤
እኔም ያን ጊዜ ልሂድ፥ ጠግቤ፥ ተጫውቼ።»

ዋሽቼ አላውቅም ብያለሁ።
ስለዚህ ብርጭቆዬን ይዤ ተቀመጥሁ፤
ሽታው ሲሳሳ፥ ጽጌረዳዋ ስትሰናበት፥ ሬንጁ ሲቀዘቅዝ ጠበቅሁ፤
በእጅ ሰዓቴ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆጠርሁ።
በአሥራ ሁለተኛው የቀረው ኮምጣጤና ውኃ ነበር፤
ያኔ ጻፍኩ፥ በግልጽ ፊደል፥ ዓይኔ ያየውን ነገር፦

«ጊዜው አልፏል።»

ማውሪሊዮ አነበበ፤ ተሳደበ፤ ስልክ ደወለ፤
የመኪናው መብራት ጭጋግ ውስጥ ጥቂት ተንቀዋለለ።
ወረቀቱ «ስንት ሰዓት ላይ?» ብሎ አልጠየቀኝ፤
ያለፈ ነገር አለፈ ቢባል፥ ማን ዋሸ አለ?

ዴልፊና አተላውን ከብርጭቆዋ ግርጌ በጣቷ ጠርጋ ላሰች፤
«ታኅሣሥ ሲገባ ብቅ በል፤
መስኮቱን ቀደም ብዬ እከፍትለታለሁ» አለች።