ጉርድ ፎቶ

አራዳ ላይ፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣
ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ፣ ክረምት ሲገባ ጣራዋ የሚያነባ።
ማስተዋልን እዚያ ነው ያነሳኋት፣ ለፈተና፣
ከአዘዞ በታክሲ መጥታ፣ ፀጉሯ ሳይደርቅ ገና።
«እንዳትስቂ» አልኳት፣ «መታወቂያ ሳቅ አይወድም»፤
ታናሽ እህቷ ከመጋረጃው ኋላ ምላሷን አወጣችባት።
ሳቋን ልትውጥ ስትታገል አንድ ቅንድቧ ተነሳ፤
ሌላ ምንም።

አምስት ዓመት አልፎ፣ እጮኛዋ ባዩህ ቀሃ ድልድይ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣
ጃኬት የለበሰ ልጅ መጥቶ «የእሷ ፎቶ አለህ?» አለኝ።
አለኝ።
ሦስት መቶ ብር። የመብራት ዕዳ ነበረብኝ።

ማታ በየሱቁ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየስልኩ ሲከፈት፣
የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ፣ ከዚያ የማስተዋል ፊት።
ሰማያዊው መጋረጃዬ ጠቁሯል፣
ቅንድቧ ዙሪያ ቀይ ክብ ተሠርቷል።
«አስተውሉ ይህን ቅንድብ! አያችሁ እንዴት ታያለች?
ጥፍሯን ቀይ ትቀባለች፣ በሌሊት ስልክ ታነሳለች፣
ቀብሩ ላይ እንባ አላየንባትም!»
(የቀብሩ ቀን እኮ ጣቢያ ነበረች።)
ጉርድ ፎቶ ነው፣ ከደረት በታች የለውም፤ እነሱ ግን ሞሉት፣
ቀሚሷን አሳጠሩት፣ ዕድሜዋን አስረዘሙት።
ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አቁሞ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ፤
በመንገድ እንኳ አይቷት የማያውቅ፣ በማርያም ስም ማለ።
ጎንደር ሙሉ «አስተውሉ» ሲባል ዋለ፣ አደረ፤
ማስተዋልን ግን ያየ አንድም ሰው አልነበረ።

በዘጠነኛው ወር ፍርድ ቤቱ፣ ሰውዬው ሰክሮ ጎርፍ ወስዶት ነው፣
«ትለቀቅ» አለ። ካሜራ ይዞ የሄደ አልነበረም።
ልጁ ጋ ደወልኩ፤ «ክፍል አራትስ መቼ ነው?»
«ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኮ ታሪክ አይወጣውም» አለኝ፣ «ማን ሊያየው?»

ትናንት መጣች። ያው ወንበር። ለሥራ ማመልከቻ።
እህቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ምላስ የለም፣ ዝናብ ብቻ።
«ዝግጁ ነሽ?» ስላት በጣቷ ቅንድቧን ወደ ታች ጫነች፣
ትንፋሿን ውጣ እንደዚያ ቆየች።
«አሁንስ? አሁን ጥሩ ሰው እመስላለሁ?» አለች።

ሒሳቡን ጠየቀችኝ።
«ተይው» አልኳት።
«ምነው?» አለች፣ ቦርሳዋን እንደከፈተች።

ዝም አልኩ። የጣራው ጠብታ ባልዲው ውስጥ ይቆጥራል፤
ሦስት መቶ ለመሙላት ገና ብዙ ይቀረዋል።