ያላረስሁበት ደመወዝ

ረቡዕ ነው፣ ማለዳ፣ ሮብ ገበያ ወርጄ፣
ከግብርናው ቢሮ ከደጃፉ ማልጄ፣
ስሜ እስኪጠራ ድረስ ግድግዳ ተደግፌ፣
በግ እንደሚሸጥ ሰው ወረፋ ተሰልፌ።

«ቁጥር ሠላሳ ሰባት! እንየው ጥጋቤ!»
ብላ ስትጣራ ደነገጠ ልቤ።
«ሦስት ጥማድ ተዳፋት፣ ዘር ያልወደቀበት፣
ማረሻ ያልነካው፣ ከብት ያልዋለበት።»
አውራ ጣቴን ነከርሁ ከወይን ጠጁ ቀለም፤
እንዲህ ያለ ደመወዝ ሰምቼም አላውቅ በዓለም።
ሰው በሠራው ሲያገኝ፣ ባልሠራው ሲቀጣ፣
የኔ ላላረስሁት የሚከፈል ከየት መጣ?
ብሩን አጣጥፌ ከትቼ በጉያ፣
እንደ ሌባ ሹልክ አልሁ በጓሮ ገበያ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣
ግብሩን ለመንግሥት፣ አፈሩን ለአባይ፣
ሲገብር ኖረና ውለታውን ሳያይ፣
ሄደ።
አባይ ግንድ ይዞ ቢዞር፣ ማደሪያ የሌለው፣
ያባቴን አፈር ግን የት ነው ያሳደረው?

ሙሉዓዳም፣ የጣቢያው ልጅ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣
«መሬቱ ይተኛ» አለኝ፣ ካስማውን መትቶ፤
«እንቅልፍ ነው መድኃኒቱ።» እንግዲህ አስተኛሁት፤
እኔ እንቅልፍ አጥቼ እንደ በሽተኛ አስታመምሁት።
ቦራ በሬዬ ቆሞ ከበረቱ ያየኛል፤
ቀንበር ሲናፍቀው «ምን ሆንህ?» ይለኛል።
ፈንቴ ጎረቤቴ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣
«እንየው አረም አምርቶ ብር አፈሰ!» ብሎ፣
ሠፈሩን አሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤
ሌሊት ግን ያባቴን ጅራፍ ሰምቼ ነቃሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ቦረቦሩ ገጠመ፤
በእርከኑ ሥር ጓሳው ወገብ ድረስ ቆመ።
ምንጩ፣ እናቴ ሙሽራ ሳለች የቀዳችው፣
እኔ በወሬ ብቻ ስሙን የማውቀው፣
መጀመሪያ ላበው፣ ኋላ ተንጠባጠበ፤
ፊቱን እንዳስታጠቡት ልጅ ድንጋዩ ረጠበ።

ከዚያ ድኩላው መጣ።
ከየት እንደ መጣ እኔንጃ፣ እሱም አልነገረኝ፤
ቀንዱን ከጓሳው ላይ ብቅ አርጎ ቃኘኝ።
ፈንቴ በነጋታው ደጄን ደበደበ፤
«ድኩላህ ገብሴን ሲግጥ አደረ፣ ጠገበ!»
«ድኩላዬ?»
«አዎን፣ ያንተ ነዋ! ብር የምትበላበት!
ለሱ ካስከፈልህ፣ ካሳውን ክፈልለት!»
ሽማግሌ ተቀመጠ ከኮሶው ዛፍ ሥር፤
ሰው ለድኩላ ዋስ ሲሆን ታይቶ አያውቅ በአገር፤
እኔ ሆንሁ። ከብሬም ሩቡን ቆጠርሁለት፤
ፈንቴ ተቀበለኝ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ አፍሮበት።

በሦስተኛው ዓመት ስሜን አልጠራችም፤
«በጀቱ አልተለቀቀም።» ዓይኔንም አላየችም።
በሚቀጥለው ወር ሄድሁ፤ «በሚቀጥለው ወር።»
የማዳበሪያው ዕዳ፣ የልጆቹ ደብተር…
ደብሬ ምንም ሳትል ሞፈሩን አወረደች፤
አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁኝ በሬዎቼን ነድቼ፣
ሞፈሩን ከትከሻ፣ ቂሜን ከሆድ ከትቼ።
ከእርከኑ ጫፍ ስደርስ ቦራ ቀጥ አለብኝ፤
ጅራፍ ባነሣበትም አልሰማም አለኝ።
አንገቱን ዘርግቶ
ከምንጩ ጠጣ፣
ጆሮውን ጥሎ፣ ዓይኑን ከድኖ ጠጣ።
ማዶ ከጓሳው ውስጥ ያ ባለ ዕዳዬ ወጣ፤
አየን፤ አልሸሸም፤ ከወዲያ ዳር ጠጣ።
ሞፈሩ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ቆምሁ፤
እስኪበቃቸው ድረስ ሁለቱን ጠበቅሁ።

አላረስሁም። ደግነት ነው አትበሉኝ፤
ቅዱስም አይደለሁ፣ በሥዕል አትሳሉኝ።
የሦስተኛውን ዓመት ብር አልማርኋችሁም፤
በየሮቡ እመጣለሁ፣ ወረፋዬን አልለቅላችሁም።
ከተሜውም ጧት ጧት ቧንቧውን ሲከፍት፣
የሚቀዳው የኔን ሦስት ጥማድ መሬት።

መዝገቡ ላይ ጻፉ፦ ቁጥር ሠላሳ ሰባት፤
ሥራው፦ አለማረስ፤ ያገለገለው፦ ሦስት ዓመት፤
የድኩላ ዋስ፣ የምንጭ ዘበኛ፣ ባለ ሁለት በሬ፤
ጣቴ ይኸውላችሁ፤ ቀለም አምጡ ዛሬ።